ስም ያለው አይታረድም

እኛ ከነቤተሰባችን፣ ከነጎረቤታችንና ከነዶሮዎቻችን ደህና ነን። «ከነዶሮዎቻችን» ስል «ይኼ ሰውዬ ደግሞ በኦስሎ ከተማ የምን ዶሮ አመጣ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አልተሳሳተም። ዶሮ አይደሉም። እንግሊዞች ተርኪ፣ ኖርዌጂያኖች ካልኩን የሚሏቸው፣ ሲቆጡ ጅራታቸውን እንደ ጃንጥላ የሚዘረጉ፣ አንዱ ብቻውን የሃያ ሰው ድግስ የሚችል ፍጥረቶች ናቸው።

በዚህ ዓምድ ስለ ድርጅቶች መሰነጣጠቅ፣ ስለ ስብሰባና ስለ መግለጫ ብዙ አውግተናል። ዛሬ ፈቃዳችሁ ከሆነ ከጓሮ እንጀምር። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው። ስደተኛም ቢያልም ጓሮውን ነው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።)

ላምበርትሴተርን ለማታውቁ፣ ከኦስሎ መሀል ከተማ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለ ሰፈር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤት እጥረቱ ሲጠና በ1950ዎቹ ተሠራ። የአገሩ ሰዎች የመጀመሪያዋ የሳተላይት ከተማችን እያሉ ይኮሩበታል። ቴባነ የሚሉት የምድር ባቡራቸውም ሜይ 22 ቀን 1966 ሥራ የጀመረው በእኛው መስመር፣ ከመሀል ከተማ እስከ ባርግክሪስታለን ነው። አብዛኛው ነዋሪ በብሎክ ቤት ይኖራል። በብሎክ ቤት ደግሞ በረንዳ ላይ አበባ ከመትከል ያለፈ ሥልጣን የለም። እኔ ግን ዕድለኛ ነኝ። የተከራየሁት ግቢ ካለው የግል ቤት ምድር ቤቱን ነው። ከላይ ባለቤቲቱ ይኖራሉ። በ1938 የተወለዱ ባልቴት ናቸው። በኖርዌይኛ «አንቱ» የሚባል ነገር በተግባር ጠፍቷል፣ ሚኒስትሩም ተማሪውም «አንተ» ነው። ቢሆንም እኔ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። እኛ ቤት ስማቸው «የላይ ቤቷ እማማ» ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2023 በገና ሰሞን ነው። ባለቤቴ ዶሮ ወጥ ሠርታ እንግዶች ተቀምጠዋል። ወጡ ቀረበ። ነገር ግን እግሩን ከፈረሰኛው፣ መላላጫውን ከደረቱ የሚለይ ሰው ጠፋ። ሁሉም ተበታትኖ እንደ ገንፎ ሆኗል። ባለቤቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከእንግዶቹ መካከል በደርግ ዘመን በግብርና ሚኒስቴር የዶሮ እርባታ ባለሙያ የነበሩ አንድ አዛውንት ወዳጃችን ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው።

«አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ» አሏት። «ይኼ የሱቅ ዶሮ ዶሮ አይደለም፣ ጫጩት ነው። ዕድሜው አንድ ወር ከምናምን ነው። አጥንቱ ሳይጠና አርደው በረዶ ቤት ከተቱት። የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርቱ ብቻ ስንት ሰዓት ይቁላላል? በዚያ ላይ የሚጸና ሥጋ የሚፈልግ በራሱ ጓሮ ያሳድግ!»

እኔም እንደ ቀልድ «እሺ አሳድጋለሁ» አልኩ። በዚህ አገር ብዙ ሰው የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማዕዱ ካልኩን ነው። ከአንድ ሳምንት በፊት ያንን ግዙፍ ነገር በሱቁ ማቀዝቀዣ ተጋድሞ አይቼው ነበርና «ዶሮ ለምን? ካልኩን አለ አይደል!» አልኩ። ጋሼ ጥቂት አሰቡና «ከቻልክማ!» አሉኝ። አይ «ከቻልክማ»! አበሻን ወደ ገደል የሚከተው ይህ ቃል ነው።

ከኦስሎ ወጣ ብሎ ከሚኖር አንድ ገበሬ 12 እንቁላል ገዛሁ። ከዶሮ እንቁላል ይበልጣል፣ እንደ ክሬም ነጣ ብሎ ቡናማ ነጠብጣብ አለበት። ዝርያቸው ብሮንዝ ይባላል። ጋሼ «ነጩን ትልቁን እንዳትገዛ» ብለው አስጠንቅቀውኛል። ለፋብሪካ የሚረባው ነጭ ተርኪ ደረቱ እጅግ ከመስፋቱ የተነሳ ወንዱ ከሴቷ ጋር መገናኘት አይችልም። ዘሩ የሚቀጥለው በሰው እጅ በሚደረግ ማዳቀል ነው። ሰው ሥጋ ሲጨምርለት ልጅ የመውለድ መብቱን ወሰደበት! ብሮንዙ ግን ራሱ ይገናኛል፣ ራሷ ትታቀፋለች፣ ራሷ ታሳድጋለች።

ከእንቁላሉ በፊት ግን ወረቀት። በኖርዌይ አንድም ቢሆን የጓሮ ዶሮ ያለው ሰው ማትቲልሲኔ በሚባለው የምግብና የእንስሳት ጤና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። የላይ ቤቷ እማማ አብረውኝ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጠው መዘገቡኝ። ቀጥለው ለየጎረቤቱ በእጃቸው ደብዳቤ ጻፉ። «የታች ቤት ጎረቤቴ ወፎች ሊያሳድግ ነው። ድምፅ ቢረብሻችሁ ለእኔ ንገሩ» የሚል። ለእኔ እንኳ ስደተኛነቴን የሚያጸድቅ ወረቀት የመጣው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ወፎቹ ሳይፈለፈሉ ሕጋዊ ሆኑ።

የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል፣ የተርኪ ግን 28 ቀን ይፈልጋል። መፈልፈያ ማሽን ተውሼ ሙቀቱን በ37 ዲግሪ ተኩል ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። እስከ 25ኛው ቀን እንቁላሉ በየቀኑ ብዙ ጊዜ መገላበጥ አለበት። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት መገላበጡ ይቆምና እርጥበቱ ከፍ ይደረጋል። ባለቤቴ የሌሊት ሥራ ስትሠራ እኔና የ10 ዓመት ልጃችን በየተራ ስንጠብቅ፣ ሜይ ላይ ሰባቱ ፈነቀሉ። አምስቱ ድምፅ ሳያሰሙ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የዶሮ ጫጩት በተፈለፈለ ማግሥት መሬቱን ይለቅማል። የተርኪ ጫጩት ግን ምግብ ፊቱ ተቀምጦ፣ ውኃ አጠገቡ ሞልቶ፣ መብላት ሳያውቅ በረሃብ ሊሞት ይችላል። ሁለቱ በሦስተኛው ቀን እንዲሁ ሞቱብን። ለጋሼ ስልክ ደወልኩ።

«መብላት ማን ያሳያቸው? እናት የላቸውም» አሉኝ። «በጣትህ መኖውን ቆንጥር፣ መንቁራቸውን ውኃ አስነካ። የሚያብለጨልጭ ነገር መኖው ላይ ጣል። ያንን ሲጭሩ ምግቡን ያገኙታል።»

ልጄ ብልጭልጭ ብይዎቿን መኖው ላይ በተነች። በጣቷ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ቀኑን ሙሉ ዋለች። አምስቱ ዳኑ። እኔ ግን ማታ ስተኛ የራሴን የመጀመሪያ ወራት አስታወስኩ። በስደተኛ ጣቢያ ሳለሁ ሱቁ በምግብ ሞልቶ፣ የቱ ምን እንደሆነ ማንበብ አቅቶኝ፣ ደረቅ ዳቦ ብቻ እየገዛሁ የከሳሁበትን ጊዜ። አንድ ቀድሞኝ የመጣ ወገን ነው በጣቱ «ይኼ እርጎ ነው፣ ይኼ የአሳማ ነው፣ ይኼ ምስር ነው» እያለ ያሳየኝ። ሰውም መብላትን የሚያሳየው ይፈልጋል።

እንደ እኔ ከቻልክማ የሚባል ሰው ቢኖር ጥቂት ምክር ልለግስ። ለመጀመሪያው ሳምንት ሙቀታቸው ወደ 35 ዲግሪ ይሁን፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ቀንሱ። መኗቸው ከዶሮ ጫጩት ይልቅ ፕሮቲን የበዛበት፣ ወደ 28 በመቶ የሚጠጋ መሆን አለበት። ከዶሮ ጋር በአንድ ግቢ አታሳድጓቸው። ዶሮ ብዙም ሳይታመም የሚሸከመው፣ በአንጀት ትል እንቁላል የሚተላለፍ ሂስቶሞናስ የሚባል ተሐዋሲ አለ። ተርኪ ላይ ሲወጣ ጉበቱን ይበላዋል። ብርዱን አትፍሩላቸው። በረዶ ላይ ቆመው ሲያድሩ አይቻለሁ። የሚያስፈራው ቀበሮ ነው። በኦስሎ ቀበሮ እንደ ድመት በመንደር መሀል ይሄዳል። ስለዚህ ማታ ማታ ወደ ቆጣቸው አስገብታችሁ ቆልፉ።

ሌላው የወፍ ጉንፋን ነው። በአገራችን ፈንግል ሲገባ የመንደሩ ዶሮ በሳምንት እንደሚያልቅ እናውቃለን። ይኼኛውም ወንድሙ ነው። ወደ ኖርዌይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኖቬምበር 2020 ሩጋላንድ ውስጥ በአንድ የዱር ዝይ ላይ ታየ። በ2021 ደግሞ እዚያው ሩጋላንድ፣ ክለፕ በሚባል ቦታ ወደ እርባታ ዶሮዎች ገባ። ከእኛ ሰፈር በእግር የሚደረስበት የኧስተንሾ ሐይቅ ደግሞ የዱር ወፍ መናኸሪያ ነው። ስለዚህ ግቢያቸውን በጣራና በመረብ ከደንኩት። መንግሥት «ወፎቻችሁን ወደ ቤት» ብሎ ሲያውጅ እኛ ዝግጁ ነን።

ክረምቱ ሲገባ ልጄ ስም አወጣችላቸው። ሦስቱ ሴቶች ሎሚ፣ ስኑ (በረዶ ማለት ነው) እና ቡና ተባሉ። ከሁለቱ ወንዶች አንዱ «ኮንግ»፣ ንጉሥ ማለት ነው። ሌላኛው ግን ደረቱን ነፍቶ፣ ክንፉን መሬት እያስጎተተ፣ ቀስ እያለ ይንጎራደዳል። ከአፍንጫው ላይ የሚንጠለጠለው ሥጋ ሲቆጣ ይረዝማል። ራሱ ከቀይ ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ወደ ነጭ ይለዋወጣል። (ይህን ያህል ቀለም ሲለዋውጥ ያየሁት አንዳንድ ፖለቲከኞቻችንን ብቻ ነው።) ሰው በሳቀ ቁጥር «ጉልጉልጉል!» እያለ ይመልሳል። ልጄ አይታ አይታ «ይኼ ጋሼ ነው» አለች። ምን ይደረግ? አረማመዱ ቁርጥ ጋሼ ነበር። ስሙ ጸደቀ፣ ለጋሼ ግን አልነገርናቸውም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተናዳ ገባች። «አንድ ልጅ ከየት ነሽ አለኝ። ከላምበርትሴተር ስለው፣ አይ እውነተኛ አገርሽ ማለቴ ነው አለኝ» አለች። ምን እንደምመልስላት ጨነቀኝ። እንደው ለመሸሽ ያህል ስለ ወፎቻችን አጫወትኳት።

የተርኪ አገሩ ሜክሲኮና ሰሜን አሜሪካ ነው። የሜክሲኮ ሕዝቦች ካለመዱት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስፓኞች በ1500ዎቹ መጀመሪያ ወደ አውሮፓ አመጡት። ከዚያ በኋላ አገሩን በትክክል የጠራለት የለም። እንግሊዞች፣ የቱርክ ነጋዴዎች ያመጡት የነበረው የእኛ ጅግራ መስሏቸው «የቱርክ ወፍ» አሉት። ቱርኮች ደግሞ «ሂንዲ» ይሉታል፣ የህንድ ነው ማለታቸው ነው። ፈረንሳዮችም «ዳንድ»፣ ከህንድ የመጣ። ፖርቱጋሎች «ፔሩ»። ኖርዌጂያኖች «ካልኩን» የሚሉት ካሊከት ከምትባለው የህንድ ወደብ ነው፣ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 የደረሰባት። ግብፆች «ዲክ ሩሚ»፣ የሮም አውራ ዶሮ። በሶርያና በሊባኖስ ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ? «ዲክ ሀበሽ»! የአበሻ አውራ ዶሮ! አገሩን አይተን የማናውቀውን ወፍ በእኛ ስም ይጠሩታል። እኛም በተራችን «ተርኪ» ብለን የእንግሊዙን ስህተት ወርሰናል።

ልጄ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «እንግዲያው እሱም እንደ እኛ ነው፣ ሁሉም ሰው ከሌላ ቦታ ነህ ይለዋል» አለች። «አዎ እንደ እኛ ነው» አልኳት። በዚህች ቃል በኋላ ተያዝኩባት።

የ2024 ጸደይ መጣ። ቀኑ ሲረዝም ሴቶቹ እንቁላል ጀመሩ። መቼ በሉኝ? ልክ ሁዳዴ ሲገባ! እኛ ሽሮ እየበላን እነሱ በየቀኑ እንቁላል። ለላይ ቤቷ እማማና ለጎረቤት ሁሉ አደልን። ስለ ጩኸቱ ሊያማርር የነበረ ጎረቤት ሁሉ አፉ በእንቁላል ተዘጋ። በኤፕሪል መጨረሻ ገደማ ቡና 11 እንቁላል ታቅፋ ተቀመጠች።

ችግሩ ከወንዶቹ መጣ። ኮንግና ጋሼ ይጣሉ ጀመር። አንዱ የሌላውን የአፍንጫ ሥጋ ነክሶ እየጎተተ፣ ደም በደም ሆነው፣ በታቀፈችው ላይ ሁሉ ይረማመዳሉ። ለሦስት ሴት አንድ ወንድ ይበቃል። ሴቷ አንዴ ከተገናኘች ለሳምንታት የለማ እንቁላል ትጥላለች። የባሰ ተደባዳቢው ወፉ ጋሼ ነበር። ፋሲካ ደግሞ ሜይ 5 ቀን፣ ማለትም ሚያዝያ 27 ነው። በዚያ ዓመት ከአርበኞች ቀን ጋር ገጥሟል። እንግዶች ተጠርተዋል። መፍትሔው ግልጽ ነበር።

ባለቤቴ ለጓደኛዋ በስልክ «ጋሼን ለፋሲካ ልናርደው ነው» ስትል ሰማኋት። ከወዲያ በኩል ለረዥም ጊዜ ዝምታ ሆነ።

እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነበር። ሐሙስ ዕለት ልጄ ትምህርት ቤት ስትሆን አርጄ፣ ላባውን አጥፍቼ፣ «ቀበሮ ወሰደው» እላታለሁ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። እኔ ደግሞ ልጄን ላታልል ነው። ለእሷው ብዬ መሆኑን ራሴን አሳምኛለሁ። ረቡዕ ማታ ላባ መንጪያ የሚሆን ትልቅ ገንዳ ልዋስ ወደ ላይ ቤት ወጣሁ። እማማ የዚንክ ገንዳቸውን ሰጡኝና «ልጅቷ ታውቃለች?» አሉኝ። ያሰብኩትን ነገርኳቸው።

ተቀመጥ አሉኝ። ቡና ቀዱልኝ። ከዚያ ያወሩኝን እንዲህ አስታውሳለሁ።

ጀርመኖች ኖርዌይን ከ1940 እስከ 1945 በያዙበት ዘመን በኦስሎ ምግብ በራሽን ነበር። ሰው ሁሉ በጓሮው ዶሮና ጥንቸል፣ አንዳንዱም አሳማ ያሳድግ ነበር። «ቪላግሪስ» ይሉታል፣ የቪላ አሳማ ማለት ነው። የእማማ ቤተሰብም አንድ ነበረው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ስም አወጡለት፣ ከእጃቸው አበሉት። የገና ሰሞን አሳማው ጠፋ። አባታቸው «ወደ ገጠር ዘመዶቻችን ሄዷል፣ እዚያ ይሻለዋል» አሏቸው። በገና ማዕድ ላይ የጎድን ሥጋው ቀረበ። «ርቦኝ ነበር፣ በላሁ። ጣፈጠኝም። ከበላሁ በኋላ ነው የገባኝ» አሉ። «አባቴን ስለ መግደሉ ይቅር ብዬዋለሁ። ጦርነት ነበር። ስለ ዋሸኝ ግን ይቅር ለማለት እስኪሞት ድረስ አልቻልኩም። አሁን 86 ሊሞላኝ ነው።»

ገንዳውን ይዤ ወረድኩ። ደረጃው የዚያን ቀን ረዘመብኝ።

ልጄን ከአልጋዋ አስነስቼ እውነቱን ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ቃል መለሰችልኝ።

«አባዬ፣ እንደ እኛ ነው አላልክም?»

ምን ልበል? የእኔ አባት በደሴ ሲያርድ እኔን የጠየቀኝ የለም። እግሩን ያዝ ተባልኩ፣ ያዝኩ። በዓል በዓል የሚሆነው በዚያ ነበር፣ በደጃፍ በፈሰሰው ደም፣ በሽንኩርቱ ሽታ፣ አባቴ ቢላዋውን ከማንሳቱ በፊት በሚጠራው ስመ ሥላሴ። ያንን ለልጄ ካላወረስኩ ፋሲካ ለእሷ ከሱቅ የሚገዛ ነገር ሆኖ መቅረቱ ነው። ካወረስኳት ደግሞ እየጠላችኝ ነው። ይህንኑ እንዳለ ነገርኳት። «አንቺ ትዕዛዝ ስጪኝ አልልሽም፣ ኃላፊው እኔ ነኝ። ግን አልዋሽሽም» አልኳት። በሩን ዘጋችብኝ።

ጠዋት በሩ ሥር አንድ ወረቀት አገኘሁ። በኖርዌይኛ የተጻፉ ሦስት አንቀጾች። አንድ፣ አባባ ዳግመኛ ለመዋሸት አያስብም። ሁለት፣ ጋሼ ምንም አይታመምም። ሦስት፣ ከዚህ በኋላ ስም ያለው አይታረድም። እኔ ስንት ድርጅት ውስጥ ስንት የአቋም መግለጫ አርቅቄአለሁ፣ እንዲህ አጭርና ግልጽ አርቅቄ አላውቅም። ፈረምኩ።

ሁለተኛው አንቀጽ የአገሩም ሕግ ነው። በኖርዌይ እንስሳን ሳያደነዝዙ ማረድ በ1929 በወጣ ሕግ ተከልክሏል። ዛሬም እንዲሁ ነው። ለራስ ቤት ማረድ ይቻላል፣ ነገር ግን መጀመሪያ ራሱን መሳት አለበት። እንቁላሉን የሸጠልኝ ገበሬ ቅዳሜ መጥቶ እንዴት በአንድ ምት እንደሚደነዝዝ አሳየኝ። ጋሼም (ሰውዬው) ሊያግዙኝ መጡ። ቢላዋውን ተቀብለው ከወፉ ጎን ቆመው ሳለ ልጄ ከላይ ቤት መስኮት «ቻው ጋሼ!» ብላ ጮኸች።

ጋሼ ቀና ብለው «ቻው የኔ ልጅ! ገና መምጣቴ ነው እኮ!» አሏት።

ነገሩን ማስረዳት ግድ ሆነ። ጋሼ ወፉን አዩት፣ ወፉም ደረቱን ነፍቶ አያቸው። ሽማግሌው እስኪያነቡ ሳቁ። ወፉም «ጉልጉልጉል» ብሎ መለሰላቸው። ከዚያ ቢላዋውን መለሱልኝ። «በል እንግዲህ፣ ሞክሼዬን እኔ አላርድም። ያንተ ቤት ነው፣ ያንተ እጅ ይሁን» አሉኝ።

የእኔ እጅ ሆነ። ገበሬው ያሳየኝን አደረግሁ፣ አባቴ የሚለውን አልኩ። ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ለእኔም ገረመኝ። ወፉ የተሰማው ነገር አልነበረም። እጄ ግን ከሥራው በኋላ ረዥም ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ቀና ስል ልጄ መስኮቱ ላይ ነበረች። አልሸሸችም። እማማ ትከሻዋን ይዘው አጠገቧ ቆመዋል።

ተነጭቶ፣ ተበልቶ፣ ታጥቦ 9 ኪሎ ወጣው። ባለቤቴ እንደ ወጉ 12 ብልት አወጣችለት፣ እያንዳንዱ ብልት ግን ለብቻው አንድ ዶሮ ያህል ነበርና ደግማ ከፋፈለችው። ሽንኩርቱ ብቻ 7 ኪሎ ነው። በፋሲካ ሌሊት ሥጋው ሳይበታተን፣ እግሩ እግር፣ ክንፉ ክንፍ ሆኖ ቀረበ። ፈረሰኛው ለጋሼ ተሰጣቸው። «ራሴን ልበላ ነው» እያሉ በሉ። እንቁላሎቹ የሎሚና የስኑ ነበሩ። ልጄ ሥጋውን አልነካችም፣ ማንም አልጎተጎታትም። እንቁላሉን በመረቁ በላች። ከዚያ በሹክሹክታ «ጋሼ ላይ የጠራኸው ምን ነበር?» አለችኝ። ስመ ሥላሴን ቃል በቃል አስተማርኳት። ይኸውም አንድ ነገር ነው አልኩ በልቤ።

ሜይ 22 ላይ ቡና ከ11 እንቁላሏ ዘጠኝ ፈለፈለች። በዚህ ጊዜ ብይ መበተን አላስፈለገም። እናቲቱ በመንቁሯ መሬቱን ጠቅ ስታደርግ፣ ዘጠኙም እሷን እያዩ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ጀመሩ። እኔና ልጄ አጠገባቸው ተንበርክከን ስናይ አረፈድን።

እኔ በልቤ እያሰላሁ ነበር። ከዘጠኙ ሦስት አራቱ ወንድ ቢሆኑ፣ አንዱ ለገና፣ አንዱ ለፋሲካ። ሦስተኛው አንቀጽ የሚለው «ስም ያለው» ነው። እነዚህ ደግሞ ገና ስም የላቸውም! የሕግ ቀዳዳ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። በማግሥቱ ጠዋት ግን የቆጡ በር ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ልጄ፣ አገሯን ረግጣ የማታውቀው ልጄ፣ ግድግዳችን ላይ ካለው ካርታ ገልብጣ በአማርኛ ፊደል ተራ በተራ ጽፋለች፦ ጎንደር፣ ደሴ፣ ሐረር፣ ጅማ፣ አክሱም፣ ነቀምት፣ አዋሳ፣ ጋምቤላ፣ አርባ ምንጭ።

ወገኖቼ፣ እስቲ ፍረዱኝ። እኔ አሁን የትኛውን አርጄ የትኛውን ልተው? ሐረርን ልረድ ወይስ ጎንደርን? አክሱምን ልብላ ወይስ ነቀምትን? ይህን ጥያቄ በጠመንጃ የሚመልሱ ሰዎች አገር ቤት ሞልተዋል። እኔ ግን ቢላዋዬን ወደ መሳቢያው መለስኩ።

ከዘጠኙ ሦስቱ ወንድ ሆነው ወጡ። አድገው መደባደብ ሲጀምሩ፣ ልጄ ተስማምታ፣ ወፍ ለሚያረቡ ሰዎች ከነስማቸው ሰጠናቸው። ደሴ የሚኖረው አንድ ኖርዌጂያን ገበሬ ዘንድ ነው። ሰውዬው «ዴሰ» እያለ ይጠራዋል። አጠራሩ ባያምርም የስሙን ትርጉም ጠይቆን ነገርነው። ሌሎቹ እዚሁ ላምበርትሴተር ናቸው።

ለበዓል ሥጋ ከገበሬው እገዛለሁ፣ ስሙን አልጠይቅም። ለመሆኑ ከአንባብያን መካከል የለማ እንቁላል የሚፈልግ አለ? በነፃ እሰጣለሁ። ቅድሚያ ግን ተመዝገቡ፣ መረቡን አጥብቁ፣ እና ልጅ ካላችሁ፣ የምታርዱትን በጊዜ ወስኑና እውነቱን ንገሩት። በተለይ ቤታችሁ ውስጥ ካርታ ካለ።

ለሳምንቱ ያድርሰን። ቸር ሰንብቱ።